ከሳጥን የወጣው ልቃቂት

 

ባለፈው ነሐሴ፣ ደብረ ማርቆስ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ዝናቡ አላባራ ባለበት ሰሞን፣ የእናታችንን የልብስ ሳጥን ከሚያፈስ ጣራ ሥር ልናነሣ ስንታገል ክዳኑ ተከፈተብን። ከላይ ጋቢ፣ ከጋቢው ሥር የዒድ ቀሚሶች፣ ከሁሉም በታች ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ የልጅ ሹራብ አገኘን። ጀርባው አልቋል፤ ደረቱ እስከ ብብት ደርሷል፤ ሁለቱ መርፌዎች ከነቀለበታቸው እንደተሰኩ ናቸው። አረንጓዴው ልቃቂትም ከአጠገቡ ተቀምጧል።

«ይኼ የማን ነው?» ብለን ጠየቅን።

እናታችን መነጽራቸውን አስተካክለው አዩትና «የማን ይሆናል፣ ለናንተ የጀመርኩት ነዋ! ያን ዓመት ልባሽ ጨርቅ ገበያውን ሞላው። በክሩ ዋጋ ያለቀለት ሹራብ ይገኝ ጀመር። ምን አደከመኝ ብዬ ተውኩት» አሉን።

በንግግራቸው ቅሬታ አልነበረበትም። ሒሳብ ነበር፤ ሒሳቡም ትክክል ነበር። እኛ ግን ያን ግማሽ ሹራብ ይዘን ብዙ ቆየን። ልጆች ሳለን ከመድረሳ ወደ ትምህርት ቤት እየሮጥን እንደርስ በነበረበት ጊዜ፣ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የጃንጥላ ሽቦ ሞርደን ሹራብ ተምረናል። ካልሲ ባይሆንልንም ሻርፕ ጨርሰናል። ታዲያ ያ እጅ የት ሄደ? «እኛ እንጨርሰዋለን» አልናቸው። እናታችን ፈገግ ብለው «መጀመሪያ በሌላ ክር ልመዱ» አሉና ሹራቡን ወደ ሳጥኑ መለሱት።

ምክራቸውን በግማሹ ብቻ ሰማን። ሌላ ክር ገዛን፤ ግን የገዛነው ቀጭን፣ ጠጉራምና ጥቁር ነበር፤ በሱቁ ውስጥ ያማረን እሱ ነው። መርፌውንም ቀጭን መረጥን። የጀመርነውም ሻርፕ አልነበረም፤ የአዋቂ ሹራብ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ መዳፍ ያህል ሠራን፤ ስፋቱ ከታች ጠባብ ከላይ ሰፊ ሆኖ እንደ ፈንገል ወጣ። ለመፍታት ስንሞክር ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ አልፈታም አለን። ይህን ወር ስለ ክርና ስለ መርፌ መጻፋችን በዚህ ምክንያት ነው፤ ወደ ሹራብ ሥራ የምትመለሱ ወይም አዲስ የምትጀምሩ ቤተሰቦች ይህችን ስሕተት ዝለሏት።

ለተመላሽ እጅ የሚስማማው ክር መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ለስለስ ያለ፣ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ነው። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ላይ ቀለበቶቹ ተለይተው አይታዩም፤ መብራት በጠፋበት ማታማ ይቅርባችሁ። ጠጉራም ክር ደግሞ ስሕተትን የሚሸፍን ይመስላል እንጂ ስሕተቱን ለማረም አይመችም።

በገበያችን በብዛት የሚገኘው አክሪሊክ የተባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው። ዋጋው ይቀላል፣ መታጠብ ይችላል፣ ብል አይበላውም፤ ለመማሪያ ከዚህ የሚሻል የለም። ነገር ግን እሳት ሲነካው ይቀልጣልና በከሰል ምድጃ ዙሪያ ለሚድኽ ሕፃን ስትሠሩ ይህን አስቡበት። የበግ ሱፍ ይሞቃል፤ ርጥበት ቢነካውም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ ተስቦ ስለሚመለስም የጀማሪን እጅ አለመመጣጠን ይሸፍናል። ጠላቱ ሙቅ ውኃና እሽታ ነው፤ ተኮማትሮ የአሻንጉሊት ልብስ ይሆናል። ጥጥ ለቆላው ጥሩ ነው። ለእኛ ደጋ ግን ሲረጥብ ይከብዳል፣ በክረምትም ቶሎ አይደርቅም፤ አይለጠጥምና ለጀማሪ እጅም ያስቸግራል።

«በግ በሞላበት አገር ክር ለምን እንገዛለን?» የሚል ይኖራል። የጎጃሙ ዋሸራ በግ ጠጉሩ አጭር ነው፤ ለፈትል የሚሆን ነገር የለውም። ባለ ጠጉሩ የመንዝ በግ ነው፤ የሱም ሻካራ ስለሆነ ለባናና ለምንጣፍ እንጂ ለልጅ አንገት አይመችም።

ክሩን ስትገዙ በልቃቂቱ ላይ ያለችውን ወረቀት አትጣሏት። የሚስማማው የመርፌ ቁጥር ብዙ ጊዜ በሚሊ ሜትር ተጽፎባታል። ክሩ የተቀለመበት ዙር ቁጥርም ይኖርባታል። አንድ ዓይነት የሚመስል ቀለም ዙሩ ከተለያየ ሹራቡ ሲያልቅ መስመር ሠርቶ ይታያል። ስለዚህ የሚበቃችሁን ባንድ ጊዜ ግዙ።

ገንዘብ ለሚያጥረው ደግሞ እናታችን ያገኙት መላ አለ። «ገበያዬን የወሰደብኝ ልባሽ ክሩን ይመልስልኝ» ብለው ከልባሽ ተራ አንድ ሰፊ የወንድ ሹራብ አስገዙንና ፈቱት። አመራረጡ ይህን ይመስላል። ሹራቡን ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት እዩ። ጠርዙ ተቆርጦ በኦቨርሎክ ከተዘመዘመ ክሩ በየመደዳው ተቆራርጧልና ተዉት። ጠርዙ ሙሉ ሆኖ ሁለቱ ወገን በአንድ ክር ብቻ ከተጋጠሙ ግን ያ ስፌት ሲመዘዝ ሹራቡ ይፈታል። አብዛኛው ሹራብ ከታች ወደ ላይ ስለሚሠራ መፍታት የሚጀመረው ከላይ፣ ከአንገትና ከትከሻው በኩል ነው። የተፈታው ክር ጥምዝምዝ ይላል፤ በወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልላችሁ አራት ቦታ ልል አድርጋችሁ እሰሩት፣ ለብ ባለ ውኃ ንከሩት፣ ከዚያ ቀለል ያለ ነገር አንጠልጥላችሁበት ይድረቅ፤ ይቃናል። ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ቁራጯን ክር ከቤት ውጭ ለኩሱ፤ የተቃጠለ ጠጉር ከሸተተና በጣት ከተፈረፈረ ሱፍ ነው፤ ቀልጦ እንደ ጨሌ ከጠጠረ ሰው ሠራሽ ነው።

ያን ማታ ወለሉ ሁሉ ክር በክር ሆኖ ስናየው በሱረቱ ነሕል የተጠቀሰችው፣ ፈትሏን ካጠነከረች በኋላ መልሳ የበታተነችው ሴት ትዝ አለችንና ሳቅን። ምሳሌው ቃል ኪዳን ለሚያፈርሱ ነው፤ እኛ የፈታነው መልሰን ልንሠራው ስለሆነ ተጽናናን።

ወደ መርፌው እንለፍ። ለመካከለኛ ክር ከ4½ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለው ይበቃል፤ ይኸውም ከእርሳስ ትንሽ ቀጠን ያለ ነው። ከዚህ የቀጠነ መርፌ ሥራውን ያጠብቀዋል፣ እጅም ያደክማል። የብረት መርፌ ያንሸራትታል፤ ለፈጣን እጅ ጥሩ ሆኖ ሳለ ለጀማሪ ቀለበት ይጥላል። የእንጨትና የቀርከሃ መርፌ ክሩን ያዝ ስለሚያደርግ ለመጀመሪያው ዓመት እሱን እንመርጣለን። በአዊ በኩል፣ በእንጅባራ ዙሪያ የደጋ ቀርከሃ እንደ ልብ ስለሚበቅል ከዚያ የመጣ ቁራጭ ካገኛችሁ በቤት ይሠራል። በደንብ የደረቀውን ሰንጥቃችሁ አንድ ክንድ ያህል ቁረጡ፤ በቢላ አሹሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልሱ፣ ዘይት ባረፈበት ጨርቅ እሹት። ጫፉ መሹል አለበት እንጂ መውጋት የለበትም። በሌላው ጫፍ ቀለበት እንዳያመልጥ የላስቲክ ክዳን ወይም ጥቂት ክር ጠምጥሙበት። ሰንጣቃ የቀረበት መርፌ ክር እየነከሰ ያናድዳችኋልና ልስላሴውን በጉንጫችሁ ፈትኑት።

አሁን ሥራው። ከሁሉ በፊት 10 ሳንቲ ሜትር በ10 የሆነች ናሙና ሥሩ። ብዙ ሰው ይህችን ይንቃል፤ እኛም ንቀን ፈንገል ሠርተናል። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 16 ቀለበት ቆጠራችሁ እንበል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ሻርፕ 32 ቀለበት ትጀምራላችሁ ማለት ነው። የሒሳብ መምህራን ለተማሪዎቻችሁ ምሳሌ ስታጡ ይህን ውሰዱ።

የመጀመሪያው ሥራ ሻርፕ ይሁን። ክሩን ከመርፌው ኋላ አድርጎ መሳብን «የፊት» እንበለው፤ ወደ ፊት አምጥቶ መሳብን «የኋላ» እንበለው። ሻርፑን ከዳር እስከ ዳር፣ ሁሉንም መደዳ በ«የፊት» ብቻ ሥሩት። እንዲህ የተሠራ አይጠቀለልም፤ ሁለቱም ገጹ አንድ ነው። አንድ መደዳ የፊት አንድ መደዳ የኋላ እያፈራረቁ የሚሠራው ለዓይን ያምራል፤ ግን ጠርዙ ይጠቀለላልና ለሻርፕ አይሆንም። ሜትር ከግማሽ ሲሞላ ዝጉት፤ ለልጅ አንድ ሜትር ይበቃል።

በየመደዳው መጨረሻ ቁጠሩ። 32 የነበረው 33 ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በመጀመሪያዋ ቀለበት ላይ ነው፤ ክሩ በመርፌው ላይ ሲያልፍ ቀለበቷን ይስባትና አንዷ ሁለት መስላ ትታያለች። ክሩን ወደ ታች አውርዳችሁ ጀምሩ። 31 ከሆነ አንዷ ወድቃለችና መሰላል ሠርታ እስክትታይ ፈልጋችሁ በኪሮሽ መንጠቆ እየሰቀላችሁ አውጧት።

ይህን በዕረፍት ሰዓት በትምህርት ቤት ግቢ ስንሠራ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪያችን መጥቶ ቆመ። ጣቶቹ በብርድ ቀልተው ነበር። «መምህር፣ ይኼ የሴት ሥራ አይደለም እንዴ?» አለን።

«የለበስከውን ጋቢ ማን ሠራው?» አልነው።

«ሸማኔ።»

«ሸማኔው ወንድ ነው ሴት?»

ዝም አለ። ዝምታው ግን የተሸናፊ ዝምታ አልመሰለንም። «ሸማኔ» የምትለውን ቃል ቀስ ብሎ ነበር ያወጣት። እኛም ያን አነጋገር እናውቀዋለን፤ በእሱ ዕድሜ ሳለን አያታችን ሸማኔ መሆናቸውን ለጓደኞቻችን አንናገርም ነበር። ትምህርት ቤት የአባት ሥራ ሲጠየቅ «ነጋዴ» እንላለን፤ ስለ አያት የሚጠይቅ ባለመኖሩም አላህን እናመሰግን ነበር።

በጎጃምና በጎንደር ሽመና በአብዛኛው የሙስሊሙና የቤተ እስራኤሉ ሙያ ሆኖ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ርስት የተከለከለ ሰው እርሻ አልነበረውም፤ የቀረለት ንግድና የእጅ ሥራ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን ለሁሉም ከፈተ፤ ሙያውን የሚያንቋሽሸው አፍ ግን በአዋጅ አልተዘጋም። በዓሉን በጋቢ አጊጦ የዋለው ሰው ሸማኔውን ይንቅ ነበር። የከፋው ደግሞ ንቀቱን እኛው የልጅ ልጆች ተቀብለን መደበቃችን ነው። አያታችን የእግር ማስገቢያ ጉድጓድ ቆፍረው ይሸምኑበት የነበረው የጓሮ ዳስ ዛሬ የለም፤ መወርወሪያቸውን እንኳ ማን እንደወሰደው አናውቅም። ሳጥን ውስጥ የተረፈልን አንድ ግማሽ ሹራብ ነው።

ለተማሪያችን ይህን ሁሉ አልነገርነውም። የነገርነው ስለ ካልሲ ነው። በዓለም ላይ ከተገኙት በመርፌ የተሠሩ ሹራቦች ጥንታውያኑ ከግብጽ የወጡ የጥጥ ካልሲዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ11ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት በነበረው የሙስሊሞች ዘመን የተሠሩ፣ ነጭና ሰማያዊ፣ አንዳንዶቹም የዐረብኛ ፊደል የሚመስል ጌጥ ያለባቸው። በስፔን፣ በቡርጎስ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1275 የሞተው የካስቲል ልዑል ፈርናንዶ ዴ ላ ሴርዳ የተቀበረው ከሹራብ ትራስ ጋር ነው፤ በትራሱ ጠርዝ ላይ «በረካ» የሚለው ቃል በኩፊ ጽሕፈት ተሠርቶበታል። የክርስቲያን ልዑል ትራስ ነው፤ የታሪክ ሰዎች ሠሪዎቹ ሙስሊሞች እንደነበሩ ያምናሉ። ኋላም በአውሮፓ ከተሞች የሹራብ ሠሪዎች ማኅበራት ሲቋቋሙ ባለሙያዎቹ ወንዶች ነበሩ። ግብጾች ዛሬም ካልሲን «ሹራብ» ይሉታል፤ እኛ ቃሉን ወደ ደረታችን አውጥተነዋል።

ተማሪያችን ይህን ሰምቶ «የልዑል ትራስ?» አለና መርፌውን ጠየቀን። 20 ቀለበት ጀምረንለት ሄደ። በማግሥቱ 27 ሆኖ መጣ።

ሻርፑን ለጨረሰ ሁለተኛው ሥራ ኮፍያ ነው፤ ለተማሪያችንም ይህንኑ ጽፈን ሰጥተነዋል። በ10 ሳንቲ ሜትር 16 ቀለበት ከሆነ 72 ጀምሩ፤ 45 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ተለጥጦ የልጅ ራስ ይይዛል። ሁለት የፊት፣ ሁለት የኋላ እያላችሁ እስከ መጨረሻው፤ ተመልሳችሁም እንደዚያው። እንዲህ የተሠራ እንደ ላስቲክ ይሳባል። 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ በአንድ መደዳ ሁሉንም ሁለት ሁለቱን ባንድ ላይ ሥሯቸው፤ 36 ይቀራል። በሚቀጥለው መደዳ ድገሙት፤ 18 ይቀራል። ክሩን አንድ ክንድ ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡ፣ በልብስ መርፌ በ18ቱ ቀለበቶች ውስጥ አሳልፋችሁ ሳቡና ቋጥሩ፤ በቀረው ክር ጎኑን ስፉት።

አረንጓዴው ሹራብ እስካሁን ሳጥን ውስጥ ነው። ኮፍያውን ጨርሰን ለእናታችን ስናሳያቸው ገልብጠው ስፌቱን መረመሩ፤ «ጎኑ ጎብጧል፤ ፍቱና ድገሙት» አሉን። ፈትተናል። በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ ስለ ካልሲ ተረከዝ እንመለሳለን፤ እስከዚያ የት ላይ እንደተቸገራችሁ ጻፉልን።