ፍልሰታ በኩዌት ሐሩር



ነሐሴ በደጋው ሀገራችን የዝናብና የጭጋግ ወር ነው። በሳልሚያ፣ በሐወሊና በፈርዋኒያ፣ በጠቅላላው በኩዌት ከተማና በዙሪያዋ ለሚኖሩ ልጆቻችን ግን ፍልሰታ የሚገባው ሐሩሩ ሳይበርድ ነው። በዚያች ሀገር ሚትሪባ በተባለ ሥፍራ ሐምሌ 14 ቀን 2008 ዓ.ም. የተመዘገበውን 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት መርምሮ አጽድቆታል።

የሀገሩ መንግሥት ከግንቦት 24 እስከ ነሐሴ 25 ድረስ፣ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 እስከ 10 ሰዓት፣ ፀሐይ ላይ ማሠራትን ከልክሏል። ይሁን እንጂ ክልከላው የታሰበው ለግንባታና ለመሰል ሥራዎች ነው፤ ጣራ ላይ ልብስ ለምታሰጣ፣ ግቢ ለምታጥብ፣ ምድጃ ፊት ለምትውል የቤት ሠራተኛ እምብዛም አይደርስላትም።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ብዙ ላብ ሲታይ ሰውነት ገና እየታገለ ነው፤ ቀዝቃዛ ሥፍራ፣ ዕረፍትና ውኃ ይመልሱታል። ንግግር ከተዛባ፣ ሰውዬው ያለበትን ከሳተ ወይም ከተንገዳገደ ግን የሙቀት ምት ነው፤ ይህም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ላብ መኖሩ አያዘናጋን። መቀባጠሩን አይተን «ጾሙ አድክሞት ነው»፣ ይባስም ብሎ «መንፈስ ነው» እያልን ጊዜ ማጥፋት የለብንም። ጸሎቱ አይቋረጥ፤ እጃችን ግን አይቦዝን። አንዱ በ112 አምቡላንስ ይጥራ፤ ሌላው ልብሱን አላልቶ ገላውን በቀዝቃዛ ውኃ ያርስ፣ ያራግብ፣ በረዶ ከተገኘም በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ያኑር። አምቡላንስ እስኪደርስ ማቀዝቀዙ አይቁም። የትኩሳት ክኒን አይረዳም፤ ራሱን ለሳተ ሰውም በአፍ ውኃ መስጠት ያንቀዋል።

አበው ካህናት፣ የንስሐ ልጆቻችሁ ከኩዌት ደውለው ስለ ጾሙ ሲጠይቋችሁ፣ ከመመለሳችሁ በፊት በየትኛው ሰዓት፣ የት እንደሚሠሩ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ተጠቃሚ መሆናቸውን ጠይቁ። እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ መዋል ለሁሉም እኩል ሸክም አይደለም፤ ሥርዓቱም ለታመመና ለደከመ ቦታ አለው። ሽንታቸው ከጠቆረ ውኃ አንሷቸዋል። ይልቁንም ከደጋ በቅርቡ የሄዱትን አስቡ፤ ሰውነት ሐሩር እስኪለምድ አንድ፣ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታልና።