ስለ አየናቸው ፊልሞች፤ ስለ ሣቃችንም ጭምር

እኛ ጥቂት ጓደኛሞች ባለፉት ሳምንታት በየዓርቡ ማታ ተሰብስበን የአገራችንን ፊልሞች ስንመለከት ቆይተናል። ቦታው ባዶ ሆኖ ያገኘነው አንድ የመማሪያ ክፍል፣ መሣሪያውም ከአንድ ባልንጀራችን የተዋስነው ፕሮጀክተር ነበር፤ መጋረጃ ስላልነበረን ነጩን ግድግዳ ተጠቅመናል። የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች አስተያየታችንን ለአንባብያን እንድናካፍል ሲጠይቁን ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። እንደ ልማዳችን «ይህ ግሩም ነው፤ ያ አሰልቺ ነው» ብለን ዐሥር መስመር ጽፈን የምንገላገል መስሎን ነበር። በሦስተኛው ዓርብ የሆነው ነገር ግን አሳባችንን አስለወጠን።

በዚያ ምሽት ያየነው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ጽፎ ያዘጋጀውን «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ነው። ታሪኩን ላላዩት ባጭሩ እንናገር። ሂሩት የምትባል የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ በፈረስ የመጡ ጐረምሶች ከበው ይጠልፏታል። ጠላፊው ካስገደዳት በኋላ ጠመንጃውን ይዛ ታመልጣለች፤ ሲያሳድዷትም ተኩሳ ትገድለዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ፍርድ ነው። በአንድ በኩል በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ በሌላው በኩል ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ፣ በመካከል ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣች መዓዛ የምትባል ጠበቃ ትቆማለች።

እንግዲህ ፈረሶቹ በሜዳው ላይ ሲጋልቡ ከኋላ ወንበር አንዱ የሠርግ እልልታ አሰማ። ክፍሉ በሣቅ ሞላ። እኛም ሣቅን፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም። ከእኛ ጋር ከመጡት አራት ሴት ተማሪዎች አንዷ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ፊልሙ አስጠልቷት ነው ብለን ዝም አልን።

በማግሥቱ በሐይቁ ዳር፣ ወደ አሞራ ገደል በሚወስደው መንገድ ላይ አገኘናትና ለምን እንደ ወጣች ጠየቅናት። «እኛ አገር ሴቶች ትምህርት ቤት የምንሄደው በቡድን ነበር፤ ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ» አለችን። ሌላ የጨመረችው ነገር የለም። እኛም የምንመልሰው አላገኘንም። ከመካከላችን ሁለቱ ያደጉት እንዲሁ በገጠር ነው፤ ታላላቅ እኅቶቻቸው በቡድን ሲሄዱ ዐይተዋል፤ ምክንያቱን ግን አንድም ቀን አልጠየቁም።

ፊልሙን በሚቀጥለው ቀን እንደገና ተመለከትነው፤ በዚህ ጊዜ ያለ ሣቅ። ያን ጊዜ ነው ስለ ርእሱ ማሰብ የጀመርነው። «ድፍረት» ስንል ጀግንነት ማለታችን ነው፤ «ተደፈረች» ስንል ግን ሌላ ነው። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ሥር አስቀምጧቸዋል፤ አዘጋጁም ያንን አውቆ የመረጠው ይመስለናል።

የሕግ ተማሪዎች እንደሚያውቁት ታሪኩ ተረት አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት ከክስ ነጻ የሚያደርግ አንቀጽ ነበረው። ማለትም ጋብቻው ራሱ ምሕረት ነበረ። ያ አንቀጽ የተሰረዘው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። በፊልሙ ላይ የምናያት ጠበቃ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ስትሆን፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። አንቀጹ ተሰርዟል፤ እልልታው ግን ከኋላ ወንበር አሁንም ይሰማል።

አንድ ባልንጀራችን ግን አጥብቆ ተከራከረን። «ይህ ፊልም ገመናችንን ለፈረንጅ የሚያሳይ ነው፤ የሆሊውድ ተዋናይት ስሟን ያስገባችበትስ ለምንድር ነው?» አለ። አንጀሊና ጆሊ በአስፈጻሚ ፕሮዲዩሰርነት ስሟ መኖሩ፣ ፊልሙም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ማግኘቱ እውነት ነው። ክርክሩን በቀላሉ አናልፈውም። ይሁን እንጂ ወዳጃችን የሽማግሌዎቹን ሸንጎ ልብ ብሎ ያየው አልመሰለንም። እነዚያ ሽማግሌዎች ተራ እየጠበቁ፣ አንዱ ሌላውን እያከበረ ሲናገሩ ፊልሙ አልዘበተባቸውም። የልጅቷም አባት ፈሪ ወይም ጨካኝ ተደርጎ አልተሣለም፤ የሚያደርገው የጠፋው ሰው ነው። ገመና ማውጣት የተፈለገ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል መጠንቀቅ ባላስፈለገ ነበር። ይልቅስ ሌላ ጥያቄ አለን። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ ነበር፤ ክሱም የተነሣው ከእውነተኛው ታሪክ ባለቤት ወገን ነው። ስለ አንዲት ሴት መብት የሚናገር ፊልም የእርሷን ፈቃድ ምን ያህል መጠየቅ አለበት? በዚህ ላይ እኛ ራሳችን አልተስማማንም። ከሕግ ትምህርት ክፍል መምህራን አንዱ በዚህ ገጽ ላይ ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

ከዚያ ቀደም ባለው ዓርብ ያየነው የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ነበር። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የድርሰት ሽልማትን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልሞች ውድድር ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ጊዜው ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚመላለስ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፤ ከመካከላችን አንዱ በግማሽ እንቅልፍ ወስዶታል። ቢሆንም ለተማሪ ከዚህ የቀረበ ፊልም አናውቅም። አንበርብር በጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ሰው ነው። ከጓደኞቹ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ስለ አገሩ የሚከራከርበትን ክፍል ስናይ እርስ በርሳችን ተያየን፤ የእኛ መኝታ ክፍል ነው የመሰለን። በደርግ ዘመን ተመልሶ ጓደኛውን ተስፋዬን ሲያጣ፣ በመጨረሻም እግሩን አጥቶ በጣና አጠገብ ወደምትገኘው መንደሩ ሲገባ፣ እናቱ ምን እንደ ደረሰበት ለማወቅ ትጓጓለች፤ እርሱ ግን የሚነግራት ቃል የለውም። የመንደሩ ልጆች ደግሞ ከወታደር አፈሳ በዋሻ ተደብቀዋል። በአዳራሽ ውስጥ ቃላት የማያጥረው ሰው በእናቱ ፊት ዝም ሲል ማየት ለእኛ ከግድያው ትርኢት ይልቅ ከባድ ነበር። በዓል ሲደርስ ወደየቤታችን ስንመለስ እናቶቻችን «ምን ተማርክ?» ሲሉን የምንመልሰውን አስታወሰን።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በተቃራኒው ጸጥ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የተካተተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሲሆን፣ እናቱ የሞተችበትን ኤፍሬምንና ጩኒ የምትባለውን በጉን ይተርካል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ አጎቱ ይህን የሴት ሥራ ነው ብሎ ይንቃል። ለበዓል በጉ ሊታረድ መታሰቡን ሲሰማ የሚያደርገውን አንነግራችሁም። ተራራውና አረንጓዴው ብቻ እንኳ ለአንድ ምሽት ይበቃል።

«ቁራኛዬ» የሞገስ ታፈሰ ሥራ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ የሚሄዱበትን የጥንቱን ሥርዐት ለሚያውቅም ለማያውቅም ጥሩ ትምህርት ነው፤ የቅኔ ተማሪው ጎበዜና ባላባቱ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ሲጓዙ ማየት ከዛሬው ንግግራችን ይልቅ ያስቃል፤ በዚህኛው መሣቅ ግን የተፈቀደ ነው።

አሁን አንድ የሚያሳፍር ነገር እንናገር። ከእነዚህ ፊልሞች የሚበልጡትን ያየናቸው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጡ ከመጡ ቅጂዎች ነው። የአገራችን ፊልም ሠሪ ለአንድ ሥራ ዓመታት ሲለምን ኖሮ እኛ በአንድ ደቂቃ ገልብጠን «ደካማ ነው» ስንለው ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበር ከባለቤቶቹ ፈቃድ ጠይቆ፣ ከያንዳንዳችን ጥቂት ብር ሰብስቦ፣ በወር አንድ ጊዜ በአዳራሽ እንዲያሳየን እንጠይቃለን። ከእያንዳንዱ ፊልም በኋላም ግማሽ ሰዓት ለውይይት ይቀመጥ፤ በውይይቱም መጀመሪያ ሴት ተማሪዎች ይናገሩ። የቱርክ ተከታታይ ድራማ ወዳዶች ቅር እንዳይላቸው፤ እነርሱም ቢመጡ መልካም ነው።

በሚቀጥለው ዓርብ «ድፍረት»ን ከመጀመሪያው ጀምረን እናሳያለን። ያቺ ወጥታ የሄደችውን እኅታችንን ይቅርታ ጠይቀን እንድትመጣ ለምነናታል። እስካሁን መልስ አልሰጠችንም።