ልጅን ኳስ ማጫወት ስንት ያስወጣል?

አሜሪካ ውስጥ ልጁን ስፖርት ማስመዝገብ የሚፈልግ ወላጅ ከልጁ ችሎታ በፊት የራሱን ኪስ መፈተሽ ግድ እየሆነበት ነው። የአስፐን ኢንስቲትዩት ባወጣው ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ቤተሰብ ለአንድ ልጁ ዋና ስፖርት ብቻ በአማካይ 1,016 ዶላር አውጥቷል። ይህም ከ2019 ጋር ሲነፃፀር የ46 በመቶ ጭማሪ ነው።

ገንዘቡ የት ይገባል? የክለብ መመዝገቢያ አለ፣ የአሰልጣኝ ክፍያ አለ፣ ማሊያና ታኬታ አለ። ጉዞውም ቀላል አይደለም። ድሮ በሰፈርና በትምህርት ቤት ሜዳ ያልቅ የነበረው ውድድር ዛሬ ቤተሰቡን ቅዳሜና እሁድ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው እያስነዳ ሆቴል ያሳድራል። አቅም የሌለው ልጅ ታዲያ ችሎታው ሳይታይ ከዳር ይቀራል።

ብዙ ወላጆች የሚከፍሉት ነገ የዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ይገኛል ብለው ነው። ነገር ግን ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስፖርተኞች ይህን ዕድል የሚያገኙት 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ይባስ ብሎ፣ ይኸው ተቋም በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት ልጆች በአማካይ በ11 ዓመታቸው ስፖርቱን ይተዉታል። ዋናው ምክንያታቸውም "አያስደስተንም" የሚል ነው።

ኖርዌይ ሌላ መንገድ ይዛለች። እዚያ ከ11 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣም። ሻምፒዮና ቢዘገይም አገሪቱ አልተጎዳችም፤ በ2022ቱ የቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ 16 ወርቅ ወስዳ አንደኛ ወጥታለች።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖረው ሐበሻ ወላጅ ይህን ሒሳብ በደንብ ያውቀዋል። አዲስ አበባም ብትሆን ከነገሩ የራቀች አይደለችም። የሰፈር ሜዳ ላይ ሕንፃ ሲበቅልበት የጨርቅ ኳስ ያንከባልል የነበረው ልጅ ወይ አስፋልት ላይ ይወጣል፣ ወይ በወር ክፍያ ወደሚያሠለጥን አካዳሚ ይገባል። የሚከፍልለት ካለ ማለት ነው።

ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የተገኙት ከበቆጂና ከአካባቢዋ ገጠር ነው። ያኔ ለመሮጥ መመዝገቢያ የጠየቃቸው አልነበረም። ስለዚህ ክለቦቻችንና ፌዴሬሽኖቻችን ስለ ተተኪ ስፖርተኛ ሲያወሩ ጥያቄውን ከሜዳው ቢጀምሩ ይሻላል። ልጁ በነፃ የሚጫወትበት ቦታ ከሌለ፣ ነገ የምንመርጠው ከጎበዞቹ ሳይሆን ከከፋዮቹ ልጆች መካከል ብቻ ይሆናል።