ገደል ማሚቶና የባቦጋያ ዓሣ

ከቦርደዴ ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚጽፍ ሰው ስታገኙ «ምነው፣ ይህን መምህር የቆላ ፀሐይ መታውን?» ብትሉ አልቀየምም። ቦርደዴ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ግራርና አቧራ፣ ግመልና የጭነት መኪና ሞልቶባታል፤ ሐይቅ ግን የላትም። ውሃን አብዛኞቻችን የምናውቀው በቢጫ ጀሪካን ተሞልቶ፣ በአህያ ወይም በሰው ጀርባ ተጭኖ ሲመጣ ነው። የዛሬውም ጨዋታዬ የተነሣው ከዚሁ ከጀሪካኑ ነውና እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ባለፈው ወር በክፍል ውስጥ ስለ ድምፅ አስተምር ነበር። ድምፅ ከገደል ጋር ተጋጭቶ እንደሚመለስ፣ ሄዶ የሚመለስበትም ጊዜ የገደሉን ርቀት እንደሚነግረን በጠመኔ ከሳልሁ በኋላ፣ ተማሪዎቹን ላስደንቅ ብዬ ስለ ዓሣ ጠቋሚ መሣሪያ አወራሁላቸው። «ይህ መሣሪያ ድምፅ ወደ ውሃ እየላከ በጥልቁ የተደበቀውን ዓሣ ያሳያል፤ ውሃው በጠለቀ ቁጥርም ዓሣው ይበዛል» አልሁ። ይህን የመጨረሻውን ቃል ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፤ መምህር ሰሌዳ ፊት ሲቆም የማያውቀውንም የሚያውቅ ይመስለዋል።

ከኋላው መስመር አንዲት ተማሪ እጅዋን አወጣች። ይህች ልጅ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን አርፍዳ ትመጣለች። ምክንያቱን ስለማውቀው አልቆጣትም፤ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነው። «መምህር፤ ይህ መሣሪያ ውሃ ውስጥ ዓሣ የሚያገኝ ከሆነ መሬት ውስጥ ውሃ አያገኝም?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። እኔም ልሥቅ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ እርስዋ ግን ፊትዋን ሳታፈታ መልሴን ትጠብቅ ነበር። ቀጥላም «መሣሪያውንስ አይተውታል?» አለችኝ። አላየሁትም። «ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኋት። ይህን ቃል ያልተናገረ መምህር የለም፤ የፈጸመው ግን ስንቱ ነው?

እንደ ዕድል ሆኖ አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ቢሾፍቱ ይኖራል። ዘመዱ ከውጭ አገር ያመጣለት ካያክ የምትባል ጠባብ ጀልባና ድንች የምታክል ዓሣ ጠቋሚ እንዳለው አውቅ ነበርና ቅዳሜ ማለዳ በአውቶቡስ ተሳፈርሁ። መተሐራ ስንደርስ የበሰቃን ሐይቅ በመስኮት አየሁት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ሐይቅ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፤ ውሃው ግን ጨዋማ ስለሆነ ለእርሻ አይመችም። በወዲያኛው በኩል የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት ሲሄድበት ኖሮ፣ ውሃ የተመለሰበት በቅርብ ዓመታት ነው። አንዱ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሌላው እየፈለጉት ይሄዳል። የውሃን ነገር ማወቅ ለእኛ አገር ሰው የጌጥ ትምህርት አለመሆኑን ከዚህ ተረዱልኝ።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1826 ኮላዶንና ስቱርም የተባሉ ሁለት ሰዎች በጄኔቫ ሐይቅ ላይ አንድ ሙከራ አደረጉ። አንደኛው ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለ ደወል ሲደውል በዚያው ቅጽበት ባሩድ ያቀጣጥላል። ሌላው ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ የባሩዱን ብልጭታ ካየ በኋላ በውሃ ውስጥ በነከረው ቱቦ የደወሉን ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ጊዜውን ይቆጥራል። በዚህም በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,435 ሜትር እንደሚሄድ አገኙ። በአየር ውስጥ የሚሄደው 340 ሜትር ያህል ብቻ ነውና በውሃ ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል ማለት ነው። ታይታኒክ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1912 ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ ከሰጠመች በኋላ ቤም የተባለ ጀርመናዊ የባሕርን ጥልቀት በገደል ማሚቶ የሚለካ መሣሪያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ፉሩኖ የተባሉ ጃፓናውያን ወንድማማቾች ይህን ዘዴ ለዓሣ አጥማጆች አደረሱት።

አሠራሩ ይህ ነው። መሣሪያው በሰከንድ 200 ሺህ ጊዜ ያህል የሚርገበገብ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ታች ይልካል። ውሃው 30 ሜትር ቢጠልቅ ድምፁ ደርሶ ሲመለስ 60 ሜትር ተጓዘ፤ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ የወሰደበት ጊዜ አንድ ሰከንድ ለ25 ቢከፈል አንዱ እጅ ነው። ይህን ቆጥሮ ጥልቀቱን ይጽፋል። ዓሣውንስ እንዴት ያውቀዋል? የዓሣ ሥጋ ከውሃ እምብዛም ስለማይለይ አብዛኛው ድምፅ አልፎት ይሄዳል፤ በደንብ የሚመልሰው ብዙ ዓሦች በሆዳቸው ውስጥ የሚይዙት የአየር ከረጢት ነው። ስለዚህ በመስታወቱ ላይ የምናየው ዓሣውን ሳይሆን በሆዱ የያዘውን አየር ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በመስታወቱ ላይ ያለው ሥዕል የታች ውሃ ፎቶግራፍ አይደለም። አሁን የሆነው በቀኝ ጫፍ ብቻ ይታያል፤ ወደ ግራ ያለው ሁሉ ያለፈ ነገር ነው። ድምፁም እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ታች እየሰፋ ይወርዳልና 30 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 10 ሜትር የሚሰፋ ክብ ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ «ዓሣ አለ» ሲላችሁ ከእግራችሁ ሥር ሳይሆን አምስት ሜትር ወደ ጎን ይሆናል፤ ወይም ቀድሞ ሄዷል።

ያረፍንበት ሐይቅ ባቦጋያ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች ብዙዎቹ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተጠራቀሙ ስለሆኑ ስፋታቸው ትንሽ፣ ጥልቀታቸው ግን ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ፕሮሰር፣ ውድና ባክስተር የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ 65 ሜትር ያህል ይጠልቃሉ። ያ ሁሉ ስፋት ያለው ጣና ግን በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው።

እኔም በዕውቀቴ ተመክቼ ጓደኛዬን ከዳር ትቼ ብቻዬን ወደ መካከል ቀዘፍሁ። ካያክ በሰሜን ዋልታ አጠገብ የሚኖሩ የኢኑይት ሰዎች የአቆስጣ ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረው ለአደን የሠሩት ጀልባ ነው። መቅዘፊያው በሁለቱም ጫፍ ምላስ አለው፤ እንደ ጣና የደንገል ታንኳ ሰፊ አይደለምና ለአዲስ ሰው ያወላግዳል። መሣሪያው 40 ሜትር ሲለኝ ሲባጎዬን በእርሳስ አክብጄ ወደ ታች ለቀቅሁ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። የነካኝ የለም። ሲባጎውን ስስበው በእርሳሱ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ጭቃ መጣ፤ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል።

ወደ ዳር ስመለስ አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ሐይቁ ቁልቁል በሚወርድበት ጥግ ተቀምጠው ሲባጎና ጠጠር ብቻ ይዘው ሦስት ዓሣ አስቀምጠዋል። «አባባ፤ ከመካከል ምነው ዓሣ ጠፋ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሣቅ አሉና «ልጄ፤ እታች ያለው ሙት ውሃ ነው። ዓሣም እንደ አንተ ይተነፍሳል» አሉኝ።

አንባብያን ሆይ፤ ዲግሪዬን ይዤ በዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሐይቁ በገደል ስለተከበበ ነፋስ ውሃውን እስከ ታች አያገላብጠውም። የላዩ ውሃ በፀሐይ ሞቆ ቀላል ይሆናል፤ የታቹ ቀዝቅዞና ከብዶ ይተኛል። አየር ከላይ አይደርሰውም፤ ብስባሹም ያለውን ይጨርሰዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ ግን የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ይሰጥማል፤ አየር የሌለው የታች ውሃ ይደባለቅና አንዳንድ ጊዜ ዓሣ በብዛት ሞቶ ይንሳፈፋል። ጥልቀት ሁሉ ሀብት አይደለም። እኔ በሰሌዳ ፊት የተናገርሁት ሐሰት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከጥጉ ሳልርቅ መሣሪያውን በውሃ ላይ ጣልሁት። 7 ሜትር ላይ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ አንድ ቅስት ታየ። ትል ያለበትን መንጠቆ በልኩ አወረድሁ፤ ሽማግሌውም ከዳር ሆነው «ቀስ በል፤ ይዋጠው» ይሉኛል። አምባዛ ነበር! ደስታዬ በዝቶ ወደ ጎን ዘንበል ብዬ ላነሣው ስል ካያኳ ተገለበጠች። መዋኘት አልችልም። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሼ ባልሆን ኖሮ ይህን ዓምድ ዛሬ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር። ጓደኛዬና ሽማግሌው በገመድ ጎትተው አወጡኝ። አምባዛው ሄደ።

ስለዚህ ይህን ለመማር የሚፈልግ ተማሪ ወይም ጸሐፊ ቢኖር ምክሬ አጭር ነው። ከመሣሪያው በፊት ሰደርያ ግዙ፤ ብቻችሁን አትውጡ። ውሃው ጸጥ የሚለው በማለዳ ነውና ነፋስ ሳይነሣ ተመለሱ። ዓሣ ስታወጡ ወደ ራሳችሁ ጎትቱት እንጂ ወደ እርሱ አትዘንበሉ። አስቀድማችሁ በሲባጎና በጠጠር ጥልቀት መለካት ተማሩ፤ ያን ጊዜ መሣሪያው የሚላችሁን ታውቁታላችሁ። ከሁሉም በላይ በሐይቁ ዳር ያረጀውን ሰው ጠይቁ።

ሰኞ ክፍል ገብቼ በመጀመሪያ የተሳሳትሁትን በሰሌዳ ላይ ጽፌ ሰረዝሁት። ተማሪዎቹ የተገለበጥሁበትን ሲሰሙ የሣቁትን ሣቅ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ከዚያ ለዚያች ልጅ ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁትን መለስሁላት። «የዓሣው መሣሪያ ለመሬት አይሆንም፤ ያ ፈጣን ድምፅ አፈር ውስጥ ገና ሳይርቅ ይጠፋል። መሬትን የሚመረምሩ ሰዎች ብረት በመዶሻ መትተው ዝግተኛውን ድምፅ ያዳምጣሉ። ውሃ ፈላጊዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካስማ ተክለው ኤሌክትሪክ በመሬት ውስጥ ያሳልፋሉ፤ ውሃ ያዘለ መሬት ከደረቅ ዐለት ይልቅ ያሳልፈዋልና። ነገር ግን ሸክላ አፈርና ጨዋማ ውሃም እንዲሁ ስለሚያደርጉ ቆፍሮ ሳያዩ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ጥያቄሽ ግን ትክክል ነበር» አልኋት።

ሁሉንም ጻፈች። ሲደወል ወደ እኔ መጥታ «ይህን የት ነው የሚማሩት?» አለች። «በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አርባ ምንጭም እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመ የውሃ ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል» አልኋት። የሁለቱንም ስም በደብተሯ ሽፋን ላይ ጽፋ፣ በር አጠገብ ያስቀመጠችውን ባዶ ጀሪካን አንሥታ ሄደች።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ከእናንተ መካከል ይህን ሥራ የተማረ ቢኖርና በቦርደዴ በኩል ቢያልፍ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ እለቅለታለሁ። ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።