ሞተሩ ሲጣራ ስሙት

የኦሞ ወንዝ ኦሞራቴን ታክኮ ያልፋል። ውሃው ቅርብ ነው። ነገር ግን ወንዙ ዝቅ ብሎ ይፈሳል፤ ማሳው ከፍ ብሎ ይገኛል። ዱሮ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በረጠበው መሬት ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር። ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ዓመታዊው ሙላት እንደ ዱሮው አይደለም። ስለዚህ ውሃን በፓምፕ ማውጣት ይበልጥ ያስፈልጋል። በዚያ ሙቀት ፓምፑ ተበላሽቶ ከሰነበተ በቆሎው ይደርቃል።

ታዲያ ሞተሩን ማን ይጠብቀው? ሰው ቀንና ሌሊት ፊቱ ቁጭ ብሎ አይውልም። በዚህ ሥራ የሚያግዘን ሪሌ የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው።

ሪሌ ምንድን ነው? በውስጡ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት ይሆንና ትንሽ ብረት ይስባል። ብረቱም ሌላ መስመር ያገናኛል ወይም ያቋርጣል። በዚህ ዓይነት ደወል ይደወላል፣ ወይም ሞተር ይቆማል።

ሪሌን ስናስተካክል አራት ነገሮችን እናስብ።

1ኛ. ማስጠንቀቂያና ማቆሚያ ይለያዩ። መመሪያው «በ95 ዲግሪ አስጠንቅቅ፣ በ105 አቁም» ይላል እንበል። በ95 ደወሉ ይጮኻል። ሰው ሮጦ ራዲያተሩንና ቺንጋውን ያያል። ማንም ካልመጣ በ105 ሞተሩ ራሱ ይቆማል። ትክክለኛው ቁጥር በየሞተሩ መመሪያ ላይ አለ። እናንተ አሁን ቁጥር ታነባላችሁ፤ ቁጥሩን ከሳጥኑ ላይ አመሳክሩ።

2ኛ. ሪሌው ጥቂት ይታገሥ። ሞተር ሲነሣ የዘይቱ ግፊት ገና አልወጣም። ሪሌው ጥቂት ሰከንድ ካልጠበቀ ሞተሩ ገና ሳይነሣ ይቆማል። ትዕግሥቱ ከረዘመ ደግሞ ሞተሩ ያለ ዘይት ሲሠራ ኩሽኔቱ ይበላል።

3ኛ. ሽቦ ቢበጠስስ? እረኛ በየጊዜው እያፏጨ «ደህና ነኝ» ይላል። ፉጨቱ ከጠፋ ሄደን እናየዋለን። የማቆሚያው ሪሌም እንዲሁ ይታሰር። ሁሉም ደህና ሲሆን ኤሌክትሪክ ይዞት ይቆይ። አይጥ ሽቦውን ብትቆርጠው ሪሌው ይለቃል፤ ሞተሩም ይቆማል። ያን ጊዜ ጉዳቱ ሳይደበቅ ይታወቃል።

4ኛ. ሪሌውን አትዝለሉት። ደወሉ ሲያስቸግር አንዳንዱ ሰው ሽቦውን «ዳይሬክት» ያደርገዋል። የዚያን ዕለት ሞተሩ ይሠራል። በኋላ ግን የሚነግረን የለም። ደወል ደጋግሞ ከጮኸ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን እንፈልግ።

ይህ ነገር ለትልልቅ መኪናዎችም ይሠራል። ኦሞ በጊቤ 3 ላይ 10 ተርባይኖችን ያዞራል። ተርባይን ውሃ የሚያሽከረክረው ትልቅ መዘውር ነው። በሩሲያ አገርም ሳያኖ ሹሸንስካያ የሚባል የውሃ ኃይል ማመንጫ አለ። የዚያ ማመንጫ ቁጥር 2 ተርባይን ከተፈቀደው ልክ በላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይሁን እንጂ አልቆመም። ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ክዳኑን የያዙት ብሎኖች ተበጠሱ። ውሃው ቤቱን አጥለቀለቀው። 75 ሰዎች ሞቱ። መኪናው በመንቀጥቀጡ ተናግሮ ነበር፤ የሚያቆመው ግን አልተገኘም።

ስለዚህ ሪሌው ብቻውን አይበቃም። ደወሉን የሚሰማ ተረኛ ይኑር። የተረኛው ስም ከሳጥኑ አጠገብ ይጻፍ። ደወሉ የጮኸበት ቀንና ሰዓት በደብተር ይመዝገብ። በየወሩም መካኒኩ ደወሉንና ማቆሚያውን ይፈትን።

አንብባችሁ ተወያዩ፦
– የእናንተ ፓምፕ ደወል አለው? ማንስ ይሰማዋል?
– ሪሌን ዳይሬክት ማድረግ ምን ጉዳት ያመጣል?
– ማስጠንቀቂያና ማቆሚያ በምን ይለያያሉ?