«ድምፅ ይሰማኛል» ስትል አትሳቁባት

ከየመን፣ ኤደን፣ ሰላሕ አድ-ዲን ነኝ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ደሞዝ ወይ ስለ መዳም አይደለም፤ «ድምፅ ይሰማኛል» ስለምትል እህት ነው።

ከመሃላችን እንዲህ የምትል ስትገኝ ወይ «ጂን ለክፏታል» ይባላል፣ ወይ «አገሯ እንዲሸኟት እያስመሰለች ነው»። ይቺ ሁለተኛዋ በጣም ነው የምታናድደኝ። እዚህ ሰፈር አንዲት ልጅ ሌሊት ሌሊት ጣሪያ ላይ ካለው የውሃ ታንከር በስሟ ይጠሯት ነበር። የሰሙት ሁሉ ሲስቁባት ምግብ መብላት አቆመች። ለማስመሰል ብሎ ማን ይራባል?

ድምፁ ለእሷ የእውነት ነው። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሐኪሞች ድምፅ እየሰሙ ሳሉ በኤምአርአይ አይተዋቸዋል። ማንም ሳያወራ፣ ለንግግርና ለመስማት የሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች ሥራ ላይ ሆነው ነው የተገኙት።

እኛም እኮ በሆዳችን እናወራለን። «ምነው ባልመጣሁ» እያልን ሰሃን እናጥባለን። ያኔ የሚናገረው የአንጎል ክፍል ለሚሰማው «እኔ ነኝ» ብሎ ይልክበታል። ኩሽና ድስት ሲወድቅብሽ ሳሎን ላሉት «እኔ ነኝ!» ብለሽ እንደምትጮኺው በሉት። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት በዚህ ሕመም የሁለቱ ግንኙነት ይዛባል፣ መልእክቱ በደንብ አይደርስም። ስለዚህ የራሷ ሐሳብ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ይመጣባታል።

ድምፅ የሰማች ሁሉ ስኪዞፍሬንያ አለባት ማለት አይደለም። እንቅልፍ ማጣትም፣ ከባድ ሐዘንም ያመጣዋል። ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእኛ ዕድሜ ነው፣ ስደተኛ ላይም ይበዛል። አገራችንም አለ፤ ቡታጅራ ላይ በተደረገው ትልቅ ጥናት ከ1000 ሰው 5 ገደማ ተገኝቶበታል፣ አብዛኞቹም ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። እንዴት ያግኙ? «አማኑኤል ገባች» ማለት እኮ እኛ ዘንድ ስድብ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አረቦቹ «መጅኑና» ሲሉን ዝም ብላችሁ አትመኑ። ዓለም ደቻሳን አስታውሱ፤ በፈረንጆች 2012 ቤይሩት፣ የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ላይ ሲጎትቷት በቪዲዮ ሁላችን አየን። ከዚያ የአእምሮ ሆስፒታል አስገቧት፣ እዚያው ሞተች። ስለዚህ «ምን ይሰማሻል?» ብቻ ሳይሆን «ምን አደረጉሽ?» ብላችሁም ጠይቁ።

ከድምፁ ጋር አትከራከሯት። «ለእኔ አይሰማኝም፣ አንቺን ግን አምንሻለሁ» በሏት። ፀበሉም ቁርአኑም ይሁን፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ፤ ብዙ ሰው ላይ ድምፁን ይቀንሰዋል። «ሙቺ» ወይ «ዝለይ» የሚላት ከሆነ ለደቂቃም ብቻዋን አትተዉአት፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዷት። አገር ስትገባም ብቻዋን አትሳፈር። የሚሸኛት ሰው ፈልጉ፣ የቤተሰቧን ስልክና የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ለእሱ ስጡት።