በሌለበት ዝም የሚል ምስክር

በዚህ ሳምንት ለአንባቢዎቻችን የምናስረዳው ቃል «ፀረ እንግዳ አካል» የሚለው ነው። «ፀረ» ማለት ተቃዋሚ ማለት ሲሆን፣ «እንግዳ አካል» ደግሞ ከውጭ ወደ ሰውነት የገባ ባዕድ ነገር ነው። እንግዲህ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ለይቶ ለመያዝ የሚያዘጋጀው ፕሮቲን ነው።

ሊቃውንት ይህን የተፈጥሮ ዘብ ለምርምር አውለውታል። የሰው ፕሮቲን በመርፌ ለጥንቸል ሲሰጥ፣ ጥንቸሏ እንደ ባዕድ ቆጥራ ፀረ እንግዳ አካል ታዘጋጃለች፤ ይህም ከደሟ ተለይቶ ይወጣና ያንኑ ፕሮቲን በሰው ሕዋስ ውስጥ ለመፈለግ ያገለግላል። ጆርጅ ኮለርና ሴሳር ሚልስታይን የተባሉ ሊቃውንትም በ1975 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ፣ አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ ፀረ እንግዳ አካል ሳያቋርጥ የሚገኝበትን ዘዴ አቀረቡ። ስለዚህም በ1984 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ።

ለምሳሌ ፒቴን የተባለውን ፕሮቲን እንመልከት። ፒቴን ከፎስፋቴዞች ወገን ነው፤ የፎስፋቴዝም ሥራ ፎስፌት የተባለውን ንጥረ ነገር ከሌላ ነገር ላይ ማላቀቅ ነው። ፒቴን በዚህ ሥራው ሕዋስ ያለ ልክ እንዳይራባ ልጓም ይሆናል። በ1997 ከታወቀ ወዲህ፣ በብዙ ዓይነት የካንሰር ዕጢ ውስጥ እንደሚጠፋ ተረጋግጧል። እንግዲያውስ «ፒቴን በዚህ ዕጢ ውስጥ አለ ወይስ የለም?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ ምስክር ሆኖ የሚቀርበው ፀረ እንግዳ አካሉ ነው። በቤተ ሙከራ ከሕዋሱ የወጡት ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ኃይል እንደ መጠናቸው ይለያያሉ፤ ከዚያም ወረቀት ወደሚመስል ስስ ነገር ይዛወራሉ። ፀረ እንግዳ አካሉ ሲጨመር፣ በያዘው ፕሮቲን ስፍራ መስመር ይታያል። ነገር ግን ፒቴንን ትቶ ሌላውን ቢይዝስ? መስመር መታየቱ አይቀርም፤ የጠፋውም ልጓም እንዳለ ተቆጥሮ ይጻፋል።

ታዲያ ሐሰተኛው በምን ይለያል? የፒቴን ዘረ መል ሆን ተብሎ የተወገደበት ሕዋስ ይቀርብለታል። ምስክሩ እውነተኛ ከሆነ ዝም ይላል፤ መስመሩም አይታይም። ፒቴን በሌለበት «አየሁ» ካለ ግን ቃሉ አይታመንም። በ2023 የታተመ አንድ ጥናት ለ65 ፕሮቲኖች መፈለጊያ የሚሸጡ 614 ፀረ እንግዳ አካላትን በዚህ መንገድ ቢፈትን፣ በመቶ የሚቆጠሩት የሚገባቸውን ሥራ ሳይሠሩ ተገኙ። እነዚሁም ቀደም ሲል ለታተሙ ብዙ ጽሑፎች ማስረጃ ሆነው ነበር።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። በተሳሳተ መስመር ላይ የተጀመረ ምርምር ዓመታትን ይበላል፤ መድኃኒት የሚጠብቀው በሽተኛ ግን ዓመታት የሉትም። ስለዚህ የምርምር ወረቀት ለውሳኔ የሚቀርብለት ሹም፣ የዕቃውን ዋጋና የሻጩን ስም ከመመልከቱ አስቀድሞ፣ «ይህ ምስክር ነገሩ በሌለበት ዝም ማለቱ ተፈትኗልን?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው።